አረንጓዴው ማቀፊያ

ጤናዬ የጋራዡ በር ላይ ስትደርስ መካኒኩ ድረስ ከአንድ ሚኒባስ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ነበር። መጀመሪያ ያየው በሰኔ ጭቃ የተለወሱ ሁለት የላስቲክ ጫማዎችን ነው። ድምፁ ቀጥሎ መጣ።

«ድረስ የሚባለው የትኛው ነው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ይችን ቡሎን ላጥብቅና እወጣለሁ።»

«ማጥበቅ? አንተ ማጥበቅ ብታውቅ ኖሮ የልጄ እግር እንደ አገዳ ይሰበር ነበር?»

ድረስ እጁ ላይ የነበረውን መፍቻ ደረቱ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ተንፏቆ ወጣ። ማዶ ያለው ጎማ ጠጋኝ ሥራውን ትቶ ቆሟል። ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሾፌሮች አንገታቸውን አዙረዋል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች፤ ዓይኗ ከማልቀስና ካለመተኛት ብዛት ደም መስሏል።

ማን እንደሆነች አሁን ገባው። የባጃጁ ልጅ የአማረ እናት ናት። ሰሞኑን ከአማኑኤል ወዲህ ባለው ጠመዝማዛ ላይ የአለበል አሮጌ የጭነት መኪና የነዳጅ በርሜሉን ጣለ፤ ሾፌሮች ሳልባትዮ የሚሉትን። ናፍጣው በዝናብ በራሰው አስፋልት ላይ ሲፈስ ከኋላ የመጣው የአማረ ባጃጅ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ልጁ አሁን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ተኝቷል። ወሬውን ድረስም ሰምቶ አዝኗል። በወሬው ውስጥ የራሱ ስም እንዳለበት ግን የነገረው አልነበረም።

«ትራፊኩ ‹ይህን የበርሜል ማሰሪያ ማን ሠራው?› ብሎ ሲጠይቅ፣ አለበል ‹ድረስ ነው የሠራው› አለ። በጆሮዬ ሰማሁ! ብረቱን ሰርቀህ በቆርቆሮ ሠራህለት? ወይስ ስትሠራ ሰክረህ ነበር?»

«እናቴ፣ የኔ ሥራ አይበጠስም። ይመኑኝ፣ ያ ብረት...»

«እነዚህ እጆችህ ይድረቁ! ብረት እንደጨበጡ ይድረቁ! ደጄን እንዳጨለምከው ደጅህ ይጨልም!»

የድረስ የአንገት ሥር ተገተረ። ሌላ ሰው ቢሆን መልሱን ያውቅ ነበር፤ በዚያ ሰፈር በአፍ የሚቀድመው የለም። ልጇ ለተሰበረባት እናት ግን ምን ብሎ ይመልስላታል? እሷም የልቧን ተናግራ ሄደች። ግን እርግማኗን ይዛው አልሄደችም፤ በሩ ላይ ትታው ነው የሄደችው።

የሚኒባሱ ሾፌር ጉሮሮውን ጠረገ። «ድረስ፣ እኔ እንኳ ቸኩያለሁ። ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ።»

«ቡሎኑ እኮ አልጠበቀም!»

«ግድ የለም፣ መንገድ ላይ አስጠብቀዋለሁ።»

ያልጠበቀ ቡሎን ይዞ መሄድን ከድረስ እጅ መረጠ። ይህ ከእርግማኑ የባሰ ቆሽቱን አሳረረው።

የአለበልን መኪና በደንብ ያስታውሳል። ዕድሜው ከድረስ ዕድሜ ይበልጣል፤ ሲነሣ የሚያሰማው ሳል የሽማግሌ ነው። በየካቲት ወደ ጋራዡ ሲመጣ በርሜሉን ያቀፉት ሁለት ብረቶች በዝገት ተበልተው እንደ ወረቀት ሳስተው ነበር። ድረስ አውጥቶ ጣላቸው። ከወፍራም ላሜራ አዲስ ቆረጠ፤ በበርሜሉ ሆድ ልክ አጎበጠ፤ ብረት ከብረት እንዳይፋተግ ከውስጥ የአሮጌ ከመነዳሪ ጎማ አለበሳቸው። በየጫፋቸው ቡሎን በየደ፤ በእያንዳንዱ ቡሎን ላይ አንድ ዳዶ አስሮ ሁለተኛውን ደግሞ መቆለፊያ አድርጎ ደረበበት። በመጨረሻም እንደ ልማዱ አረንጓዴ ቀለም ቀባቸው። ከአንድ ሰው የአጥር በር የተረፈ ቀለም ነው፤ ድረስ ከእጁ የሚወጣውን ሥራ ሁሉ እሱን ሳያስነካ አይሰጥም። «የኔ ሥራ በሩቅ ይታወቅ» ይላል። ጓደኞቹ በዚህ ነገሩ ይስቁበታል። «ሚስትህንም ቀባሃት ወይ?» ይሉታል።

ያን ማቀፊያ ዝሆን ቢንጠለጠልበት አይበጥሰውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የዚህ ነገር ሥር ያለው ከመኪናው ሥር ነው። ጋራዡን ዘግቶ፣ መፍቻዎቹን በከረጢት ጠቅልሎ የአማኑኤልን ሚኒባስ ተሳፈረ።

መኪናው በርሜሉ በወደቀበት ቆሟል። ትራፊኩ እስኪመረመር እንዳይነቃነቅ ብሏል። ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የደብሩ ቤተ ክርስቲያን በጽድና በወይራ ተከቦ ይታያል፤ የአለበል ቤትም ከዚያው ግርጌ ነው። አለበል ራሱ በትሩን ታቅፎ፣ ላስቲክ ተከናንቦ ከፊት ጎማው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ድረስን ሲያይ ብድግ አለ።

«እንዴት ዋልህ፣ ድረስ? ቤተሰብ ደኅና ነው? ዝናቡ እንዴት...»

ድረስ ሰላምታውን አልመለሰም። በዚያ አገር ሰላምታን መንሣት ዱላ ከማንሣት አይተናነስም፤ አለበልም ገባው። ድረስ ኮቱን አውልቆ በጭቃው ላይ ተንጋለለና ከመኪናው ሥር ገባ።

በርሜሉ በአንድ ጎኑ መሬት ላይ አርፏል። ማቀፊያዎቹ የሚታሰሩባቸው፣ ሻሲው ላይ የበየዳቸው ጆሮዎች በቦታቸው አሉ፤ አረንጓዴያቸው እንኳ አልደበዘዘም። ማቀፊያዎቹ ግን የሉም። በእጁ ዳበሰ፣ አካባቢውን አየ። ብረቱ ተበጥሶ ከሆነ ቁራጩ የት ሄደ? ቡሎኑ ለቅቆ ከሆነ ዳዶው የት ገባ? በአንደኛው ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ አንድ ነገር ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል። ጨርቅ መሰለው። ሲጎትተው ሙልጭልጭ አለበት፤ አብጧል፣ ይሸታል። ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ ሲያየው ቀይ ፀጉር አለው።

«አያ አለበል!»

«አቤት።»

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«በዚህ ሙያ ስኖር ፀጉር ያበቀለ ብረት አይቼ አላውቅም!»

አለበል በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «የፋሲካው በሬ ቆዳ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ገና እርጥብ ሳለ ጠፍሬ፣ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ሲደርቅ እኮ ድንጋይ ነው የሆነ። በጥፍርህ ብትጭረው አይጫርም። ሞፈርና ቀንበር የሚያስማማ ምራን ይህን በርሜል የማይችል መስሎህ ነው?»

«ምራን!» ድረስ ከሥር ሲወጣ ጭንቅላቱ ከሻሲው ጋር ተጋጨ፤ ያም ለቁጣው ጭድ ሆነው። «ሚያዝያ ላይ ድንጋይ ሆነ፤ ሰኔስ? ቆዳ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን የገበሬ ልጅ ሆነህ አታውቅም? ምራንህን ዝናብ ላይ ጥለኸው ታድራለህ?»

ከ‹አያ› ወደ ‹አንተ› ወርዷል፤ ሁለቱም አስተውለውታል፤ የሚያርመው ግን አልነበረም።

«የቀረውስ ቆዳ?»

«መንገድ ላይ ወድቆ... ውሻ በላው።»

«ማስረጃውን ውሻ በላልህ! እድለኛ ሰው! እሺ፣ ብረቱንም ውሻ በላው? የኔ ብረት የት ገባ?»

የአለበል ዓይን ሳያዘው ወደ ኮረብታው ወጣ ብሎ በፍጥነት ተመለሰ።

በዚያው ቅጽበት ደወሉ ተደወለ። የሰኔ ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። ድረስ ቀና አለ። ድምፁ ውስጥ አንድ የሚንጣጣ ነገር አለ፤ ያልጠበቀ ብረት ሲርገበገብ የሚያሰማው ዓይነት። በሁለት የጽድ ምሰሶዎች መካከል፣ ደወሉ በተንጠለጠለበት አግዳሚ ላይ፣ በጉሙ ውስጥ አረንጓዴ ነገር ይወዛወዛል።

የኔ ሥራ በሩቅ ይታወቅ።

አቀበቱን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። አለበል ከኋላ እያለከለከ ይጠራዋል፤ «ድረስ! አንተ ልጅ! በማርያም ቁም!» የግቢው በር ላይ ሲደርስ እግሩ በራሱ ቆመ። በልማድ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተሳለመ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። ዝቅ ያለው ድምፁ ግን ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

«ተናገር።»

«ቅዳሜ ሹር ነበር» አለ አለበል፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ደወሉ የተሰቀለበት ጠፍር በስብሶ በአንድ ክር ቀርቷል። ዲያቆኑ ከሥሩ ቆሞ ይደውላል። ሌሊቱን ደግሞ ሕዝቡ በሙሉ ይመጣል፤ ቢወድቅ ሰው ይፈጃል። በበዓል ዋዜማ ሱቅ ዝግ፣ ብረት ከየት ይምጣ? የኔ መኪና ቆሞ ነው የሚውል። ፈትቼ ሰቀልኩት። ለአንድ ሌሊት ብዬ ነበር። ሲነጋ ባየው እንዲያ አምሮበታል... ለታቦት የሰቀሉትን መልሶ ማውረድ ደግሞ... እኔም በልቤ ተሳልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። በስውር የሰጡት ነው የሚቆጠር፤ ካወሩበትማ ዋጋው እዚሁ ይቀራል።»

ድረስ በጣቱ ወደ ደወሉ ጠቆመ።

«ቆይ። ደወሉን ቆዳ አልችል ሲለው በዓይንህ አየህ። በዓይንህ! ከዚያ ብረቱን ለደወሉ ሰጥተህ፣ ቆዳውን ለመኪናው አደረግከው?»

«ያኛው ያረጀ ቆዳ ነበር እኮ፤ ይህ አዲስ...»

«ትራፊኩ ሲጠይቅህስ?»

«ማን ሠራው አለኝ፤ ድረስ አልኩ። አልሠራኸውም? ውሸት ከአፌ አልወጣም።»

«ውሸት ከአፉ አልወጣም!» ድረስ ሳቀ፤ የሚያስፈራ ሳቅ ነበር። «ሴትዮዋ ደጄ ላይ ቆማ እጄን ስትረግም አንተ እዚህ ስለትህ እንዳይፈርስብህ ዝም! ሰው ያልጠበቀ ቡሎን ይዞ ከጋራዤ ሲሸሽ አንተ ዝም! ጽድቁ ላንተ፣ ኩነኔው ለኔ? በኔ ጀርባ ላይ ነው መንግሥተ ሰማያት የምትገባው?»

«ያንን ብናገር ‹የልጁን እግር የሰበረው ደወሉ ነው› ይሉ ነበር። ታቦቱ ይታማል ብዬ...»

«ታቦቱ ላይ አታሳብ! ፈርተህ ነው።»

አለበል ራሱን አቀረቀረ። ፈርቶ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ደወሉ የሰው ራስ ላይ እንዳይወድቅ የተጨነቀው ከልቡ ነው፤ በማግስቱ ቆዳውን ሲጠፍርም ‹ይይዛል› ያለው ከልቡ ነው። አማረ ቦይ ውስጥ ተገልብጦ ሲጮህ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰለትና ተሸክሞ ያወጣውም እሱ ነበር። ግን ትራፊኩ ሲጠይቀው አፉ ላይ የመጣለት የሰው ስም ነው፤ ስሙም ከወጣ በኋላ መልሶ መዋጡ ከበደው።

ድረስ ከረጢቱን ከፍቶ መፍቻ አወጣ። «አወርደዋለሁ።»

«ምኑን ነው የምታወርደው፣ ልጄ?»

ቄሰ ገበዙ ቄስ ኪዳነ ማርያም ከዕቃ ቤቱ በኩል መጥተው ከኋላቸው ቆመዋል። የደብሩ ንብረት በሳቸው እጅ ነው። ነገሩን ከሁለቱም ሰሙ፤ አለበል ሲናገር ሁለት ጊዜ «እ?» አሉት፤ ጆሯቸው ስላልሰማ አልነበረም።

«‹አንድ ምእመን ሰጠ› አልኸኝ። እኔም ከሱቅ የተገዛ መስሎኝ ነበር» አሉት። ከዚያ ወደ ድረስ ዞሩ። «ለታቦት የተሰጠ አይወርድም። ይህን አንተም ታውቀዋለህ።»

«ብረቱን አልጠየቅሁም፣ አባ። ስሜን ነው የጠየቅሁት። ስሜንም ለታቦት ሰጥቶት ከሆነ ይንገሩኝና ልመለስ።»

ሕዝቡ በበሩ መግባት ጀምሯል። አለበል ነጠላውን አስተካክሎ ከሰው ጋር ወደ ውስጥ ሊቀላቀል አንድ እግሩን ሲያነሣ ቄሱ በመስቀላቸው ደረቱን ነካ አድርገው አቆሙት።

«አንተ ወዴት?»

«ቅዳሴው...»

«ከሴትዮዋ ደርሰህ፣ ከልጁም ታርቀህ እስክትመጣ ከዚህ በር አትለፍ። ሚኒባሱ ከታች ነው።»

እስከ ደብረ ማርቆስ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ድረስ የቆዳውን ቋጠሮ በጋዜጣ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ አድርጎታል፤ ከፊት የተቀመጠችው ሴት ሽታው ቢከብዳት መስኮት ከፈተች፤ ዝናቡም ገባባቸው።

አማረ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ጤናዬ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ድረስን ስታይ ቢላዋዋን እንደያዘች ተነሣች።

«አንተ! እዚህ ድረስ...»

«እኔን አይደለም፣ እናቴ። እሱን ይስሙት።»

አለበል ከአልጋው ግርጌ ቆመ። «እንግዲህ ጤናዬ፣ ሰው ያስባል፤ እግዚአብሔር ደግሞ ፈቃዱ...»

«ከእግዚአብሔር አትጀምር!» አለ ድረስ። «ከቆዳው ጀምር!»

ከቆዳው ጀመረ። እየተንተባተበ ተናገረ፤ ደወሉን፣ በሬውን፣ ዝናቡን፣ ትራፊኩን። ድረስ ጋዜጣውን ከፍቶ ቋጠሮውን ወለሉ ላይ አኖረው። ከጎረቤት አልጋ ያሉት ሕመምተኞች ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገዋል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አማረ ከትራሱ ቀና ብሎ። «እኔን የሰበረኝ በሬ ነው በለኛ! በሕይወት እያለ ቢወጋኝ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ ሥጋውን በልታችሁ በቆዳው ትሰብሩኝ?»

አንድ ሕመምተኛ ሳቀ። ጤናዬ አልሳቀችም። ቋጠሮውን ከወለሉ አነሣችና በአለበል ደረት ላይ ወረወረችው።

«ሰሞኑን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ‹አይዞሽ› ስትለኝ! ዳቦ ይዘህልኝ ስትመጣ! ‹የድረስን ነገር ለእግዜር ስጪው› ስትለኝ! እኔ ደግሞ ተነሥቼ ሄጄ የሰው እጅ ስረግም! ምንም ያላደረገኝን ሰው! አፌን በሰው ነፍስ ላይ አስከፈትከኝ፣ አለበል! የልጄን እግር ሐኪም ይጠግነዋል፤ የኔን አፍ ማን ይጠግነዋል?»

አለበል ተንበርክኮ እግሯን ሊይዝ ሲል ሸሸችው። «ነገ ጠዋት ትራፊኩ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ቃሌን አስተካክላለሁ» አለ።

ጤናዬ ወደ ድረስ ዞረች። «እጅህን ስጠኝ።»

ሰጣት። ግሪሱ በጥፍሮቹ ሥር ጠቁሯል። መዳፉን ገልብጣ «እንትፍ! እንትፍ!» አለችበት። «መልሻለሁ። እርግማኔን መልሻለሁ። እጅህ ይለምልም።»

ድረስ ልቡ ሊለሰልስ ሲል ያ የሚኒባስ ሾፌር ትዝ አለው። «እናቴ፣ እዚህ ማን ሰማ? የረገሙኝ ደጄ ላይ ነው። ሻይ ቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው።»

አለበል እንዲህ ያለ ድፍረት ሰምቶ የማያውቅ ይመስል ደንግጦ አየው። ጤናዬ ግን ራሷን ነቀነቀች። «እውነትህን ነው። ደጅህ ላይ እመጣለሁ።»

መጣችም። በገበያ ቀን፣ መንገዱ ሰውና አህያ ሞልቶት ሳለ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንደዚያ ቀን አስራ፣ ያንኑ ቦታ ላይ ቆማ፣ በዚያው ድምፅ መረቀችው። ጎማ ጠጋኙ «አሜን» አለ። የሻይ ቤቱ ሰዎች «አሜን» አሉ። ያ ሾፌርም ሚኒባሱን ይዞ በማግስቱ ብቅ አለ። ድረስ ከሰው ሁሉ መጨረሻ አድርጎ ነው የሠራለት።

ትራፊኩ መኪናውን ከለቀቀው በኋላ ድረስ ለአለበል አዲስ ማቀፊያ ሠርቶ መኪናው ወደቆመበት ኮረብታ ሥር ወሰደው። «አልሠራለትም» ብሎ ምሎ ነበር፤ ግን ያ መኪና ነገ በርሜሉ በገመድ ታስሮ መንገድ እንደሚወጣ ያውቃል፤ ከኋላው ደግሞ የማን ልጅ እንደሚመጣ አይታወቅም። አለበል በጭቃው ላይ ተንጋሎ በርሜሉን በሁለት እጁ ደግፎ ያዘ። ድረስ ጎማውን አለበሰ፣ ብረቱን አቀፈ፣ ዳዶውን አሰረ፣ ሁለተኛውን ደረበ። ከዚያ መዶሻውን አንሥቶ ከዳዶው የተረፈውን የቡሎን ጫፍ ደፈጠጠው። ከሚያስፈልገው በላይ ነበር የመታው።

«እንዲህ ከሆነ እንዴት ይፈታል?» አለ አለበል።

«አይፈታም። ለታቦትም ለጣዖትም አትፈታውም።»

በዚህ መሐል ደወሉ ተደወለ። ያ የሚንጣጣ ነገር አሁንም አለ። ድረስ መዶሻውን እንደያዘ አዳመጠ።

«ስትሰቅለው ሁለተኛውን ዳዶ አስረህበታል?»

«አንዱ ይበቃል ብዬ...»

ድረስ የተናገረውን ቃል እዚህ መጻፍ አይገባም። ከረጢቱን አንሥቶ አቀበቱን ወጣ። መሰላል አስደግፎ አግዳሚው ላይ ሲወጣ ቄስ ኪዳነ ማርያም መጡ።

«አላወርድም፣ አባ። አይስጉ። አንድ ቀን ቢወድቅ ግን ‹ማን ሠራው?› ይባላል። አለበል ደግሞ መልሱን ያውቀዋል።»

ቄሱ ፈገግታቸውን በጺማቸው ውስጥ ደበቁ። «እንግዲህ ብረቱ ያንተም ድካም አለበት። በማን ስም እንጸልይበት? የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

«የክርስትና ስሜን እግዚአብሔር ያውቀዋል። እናንተ ‹ድረስ መካኒኩ› በሉ። ጮክ ብላችሁ በሉ።»

ዳዶውን አሰረ፤ እጁ እስኪነጣ አጠበቀው። ቀጥሎ የቡሎኑን ጫፍ በመዶሻ ሲመታው ደወሉ በሙሉ ድምፁ አገሳ፤ ያ መንጣጣት ጠፍቷል። ታች መንገዱ ላይ አለበል ለጸሎት የተደወለ መስሎት ሥራውን ትቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ አማተበ።

ድረስ ከላይ ሆኖ አየውና የቀረውን ቡሎን ሊደፈጥጥ መዶሻውን እንደገና አነሣ።